የድንቡሼ ቅንድብ

እሰይ፣ ተባረኪ! ወንበር ማለት ይሄ ነው። የሲኒማው አዳራሽ ወንበርም ይመቻል፣ አልዋሽም… ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስምጦሽ ቆይቶ ስትነሺ ወገብሽን እዚያው ያስቀርብሻል። ዝናቡ አላባራም እንዴ? ይዝነብ፣ ምን ቸገረኝ፣ ታክሲ እስኪገኝ ካንቺ ጋር እጫወታለሁ። ቲኬት መቀበሉን ጨርሰሽ የለ? እስቲ አንቺም አረፍ በይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል። ምንጣፉ አዲስ ነው መሰለኝ… ያምራል። ቀይ ምንጣፍ ጭቃ ቶሎ ያሳብቃል እንጂ ያምራል።

እንደው ወንበሬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ። እዚያ ፖስተሩ ስር ፎቶ እየተነሱ ነው፣ የሰው ፎቶ ውስጥ እንዳልገባ። ኧረ ምንም አይከፋኝም! እኔ አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ፎቶ ውስጥ ባለመግባት ነው። አላወቅሽኝም አይደል? እንዴት ታውቂኛለሽ፣ ጠረጴዛ ስር የተቀመጠ ሰው ማን ያውቃል! ይቺን ግን ታውቂያታለሽ… ይቺን ግራ እጄን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቤትሽ ስትገባ የኖረች እጅ ናት። ልጆችሽ ቁርስ አንበላም ሲሉ "ድንቡሼ እያያችሁ ነው" እያልሽ አላስበላሽባትም?

አዎ! ድንቡሼ እኔ ነኝ። ያ ወፍራም የጨርቅ ውሻ፣ ደረጃ ስር የሚኖረው፣ ድመት ሲያይ የሚደበቀው። እጁም እኔ፣ ድምፁም እኔ። ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል… ይስማ እንጂ፣ ምን ይሆናል!

ፊልሙ? ፊልሙማ ትልቅ ነው። ትልቅነቱን ማንም አይክደውም። በቴሌቪዥን ድንቡሼ ከእንስራ አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ አፍንጫው ብቻ ይሄን በር ያክላል። ስፌቱ ሁሉ ታየ! ጢሙ በሙጫ የተለጠፈበት ቦታ፣ ጆሮው ላይ ያለችው እራፊ… እኔ አስራ ሰባት ዓመት ይዤው ያላየሁትን ዛሬ አየሁለት። ይሄን ያደረገ ሰው አይመሰገንም? ተሸፍኖ የኖረን ገመና እንዲህ አጉልቶ ለሕዝብ ማሳየት ችሎታ ይጠይቃል እኮ።

አንዳንድ ሰው አለ መቼም… ስም አልጠራም። ስም መጥራት አልወድም፤ ደግሞም ፖስተሩ ላይ አራት ቦታ ተጽፏል፣ ማንበብ ለሚችል ይበቃል። ይሄ ሰው እኛ ስቱዲዮ ሲመጣ መብራት ተሸካሚ ነበር። ትሑት! አንገቱን ደፍቶ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ። "እትዬ፣ እትዬ" ሲለኝ ማር ከአፉ ይንጠባጠብ ነበር። እኔም ወደድኩት፣ ምን ልደብቅሽ? ጠረጴዛው ስር አጠገቤ አስቀመጥኩት። ጉልበቴ ስር የማደርጋትን ትራስ ለሁለት ተካፈልናት። ከዚያ ምን አስተማርኩት መሰለሽ? ጭራውን! የድንቡሼን ጭራ። አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ሆኖ ጭራ ይቆላ የነበረው እሱ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደሱ ጭራ የሚቆላ ሰው በዘመኔ አላየሁም! እኔ ስገባ ይቆላል፣ የጣቢያው ኃላፊ ሲገቡ ይቆላል፣ ካሜራው ጠፍቶ እንኳ ይቆላል። ተሰጥኦ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ታዲያ አንድ ቀን ድንቡሼ ወደ ሲኒማ ይሂድ ተባለ። እልልታዬን አቀለጥኩት! በዚህ ዕድሜዬ ዘለልኩ ስልሽ፤ ሰፊያችን ምስክሬ ናት፣ ስዘል የመርፌ ትራሷን ረግጬባት። ምን እናልብሰው፣ እንዴት እናስሮጠው፣ ቁራው ጓደኛው በምን ይብረር እያልን ሳምንት ሙሉ ስንስቅ ከረምን። ከዚያ ደብዳቤ መጣልኝ። እንዴት ያለ የሚያምር ደብዳቤ! "ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ" ይልና የጉልበቴ ሕመም እንቅልፍ የነሳው ሰው እንዳለ ይገልጻል። እኔ እንኳ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰው ለሰው እንዲህ ያስባል? ለሲኒማ ወጣት እጅ ያስፈልጋል ተባለ። ወጣቱ እጅ ማን ይሁን ሲባል… ይገርምሻል፣ ብዙም አልተለፋበትም። እዚያው ጭራው አካባቢ ተገኘ።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባል የለ? እኔስ አልተነከስኩም፤ እጄን ከነጓንቱ ነው የተወሰድኩት። ደግሞ ቤታችን ውስጥ የነበረው ውሻ ድንቡሼ ብቻ ነው፣ ድንቡሼ ደግሞ ነክሶ አያውቅም። ታዲያ ማንን ልጠርጥር?

አሻንጉሊቱን ሊወስድ ራሱ መጣ፣ ባለ ወጣት እጁ። ሣጥኑን ታቅፎ "እትዬ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው" አለኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠበቅሁ። "እትዬ፣ እጅ የሚገባው እንዴት ነው?" እንዲለኝ። አንዲት ጥያቄ! መልሱ ምላሴ ላይ ነበር እኮ። ግን የሚያውቅ ሰው ምን ይጠይቃል? አምስት ዓመት ከኋላ ሆኖ አይቷል። ከኋላ ሆኖ የሚታየው ደግሞ… ተይው፣ ነውር ነው።

ምስጢሩን ልንገርሽ፤ ጮክ ካላልኩ ዝናቡ ይውጠዋል። እኔ ግራኝ ነኝ። ድንቡሼ የተሰፋው በግራ እጄ ልክ ነው። ውስጡ ለየጣቱ ቤት አለው፤ የትንሿ ጣት ቤት በክር ከቅንድቡ ጋር ታስሯል። ትንሿ ጣት ደግሞ ሰነፍ ናት፣ ካልቀሰቀስሻት አትነሳም። ስለዚህ ድንቡሼ ቅንድቡን የሚያነሳው በሳምንት አንዴ ነበር፣ ድመት ሲያይ። ልጆቹ እሷን ሲጠብቁ ነው ወተታቸው የሚገነፍለው። አሁን ቀኝ እጅሽን ክተቺበት… እስቲ በእጅሽ ሞክሪው። ትንሿ ጣት የነበረችበት ቤት ማን ገባ? ሌባ ጣት! ሌባ ጣት ያልተሰፋለት ቤት ከገባ በኋላ አርፎ ይቀመጣል? አፍ በተከፈተ ቁጥር እሱም ብድግ ነው። ምነው ዞር ዞር አልሽ? ጣት ነው ያልኩት!

እና ድንቡሼ ሁለት ሰዓት ሙሉ በተናገረ ቁጥር ቅንድቡ ጣሪያ ይነካል። "እንደምን አደራችሁ"… ቅንድብ! "ራበኝ"… ቅንድብ! የተናገረውን ራሱ የማያምን ውሻ! ቁራው የሚሞትበት ቦታማ፣ ውይ ሆዴን! ጓደኛው ሞቷል፣ ቫዮሊኑ ያለቅሳል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ድንቡሼ ቀስ ብሎ "ሄድክ እንዴ ወንድሜ?" ሲል ቅንድቡ ሽቅብ! ልክ ሽንኩርት ተወደደ እንደተባለ ሰው። አዳራሹ ፈነዳ! እኔ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ዞረው "አይዞዎት፣ አያልቅሱ" ይሉኛል፣ እኔ ትከሻዬ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ "ሆዴ ባብቶ ነው እናቴ" እላቸዋለሁ። ሰውን ማስለቀስማ ሽንኩርትም ያስለቅሳል። ለቅሶ ላይ ሕዝብ በሳቅ ማንከባለል ግን፣ ይሄ ሽልማት ካልተሰጠው ፍርድ የለም።

ሲሠሩት አላዩትም ወይ ትይኛለሽ። የሚያዩባት ሞኒተር የመዳፌን ያህል ናት፣ መዳፍ ላይ ያለች ቅንድብ ማን ያያታል? ሰፊያችን አይታ ነበር። "ቅንድቡ…" ብላ ገና አፏን ስትከፍት "አዲስ አገላለጽ ነው" ተባለችና በማግስቱ መጋረጃ ወደሚሰፋበት ክፍል ተዛወረች። ከዚያ ወዲያ ማን ይተነፍሳል? "ግሩም! ግሩም!" ብቻ ሆነ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች… እሷስ የራሷን ባል ነው፤ ይሄኛው የሰው አሻንጉሊት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ሲሉም ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፊልምም ይቀደዳል።

ድምፁን ለአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ሰጡት፤ ወፍራም ድምፅ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ። መሀል ላይ አንዲት ልጅ ከኋላ "እማዬ፣ ድንቡሼን አሞታል?" አለች። እዚህ ጋ ግን አልሳቅሁም። ልጅ የምትጠይቀው እውነት ነዋ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እንዲህ ስስቅ አይተሽ እንዳትታለዪ። እዚያው ተነስቼ "አላመመውም፣ እኔ አለሁ" ልላት ምንም አልቀረኝም።

አሁን ደግሞ ያውልሽ፣ እዚያ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። "ለታሪክ" ነው አሉ። ቁልፉ ያው አንዳንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ፖስተር ላይ ልውጣ አላልኩም። ስሜማ አለ! ምስጋናው ላይ፣ ጄኔሬተር ያከራዩት ሰውዬና ምሳ ያቀረበው ቤት መካከል፤ ዓይንሽ ፈጣን ከሆነ ታገኚዋለሽ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ድንቡሼን መልሱልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት የድሮውን እየደጋገሙ ሲያሳዩ ቆዩ። ጣቢያው "አሻንጉሊቱ ከመጣ አዲስ እንቀርጻለን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣ ሰዓቱን ለማስታወቂያ እንሰጠዋለን" ብሏል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ሃያ ስምንት። ሌላ አሰፊ እንዳትይኝ ደግሞ! ልጅሽ ጠፍቶብሽ ሌላ ውለጂ ቢሉሽ? ሦስት ጊዜ ቢሮው ሄድኩ፣ ሦስቴም "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልኩ። መብራት ይሸከም የነበረ ሰው ስብሰባ ሲሸከም ማየት ያኮራል፣ ሙያ ማሻሻል ማለት ይሄው ነው።

እያየን ነው እንዴ? አትዙሪ… አትዙሪ አልኩሽ እኮ! ፈገግታው አለ? ግንባሩ ላይ ላብ? የካሜራው መብራት ይሆናላ፣ ምስኪን። መብራት ከፊት ሲሆን አልለመደም።

ውይ፣ ያቺን ልጅ እያት! አሞታል ወይ ያለችው ናት። መስታወቱን እያንኳኳች "ተነስ" እያለችው ነው። ቆይ… እስቲ ከዚያ ውኃሽ አቅምሺኝ። ጉሮሮዬ ሁለት ዓመት ቦዝኗል፣ ከወጣ ወጣ፣ ካልወጣ አንቺና እኔ እናፍራለን። እህ… እህም…

"ማ-ነው ቤቴን የሚያንኳኳው! ድመት ከሆንሽ እኔ የለሁም!"

አየሽ! አየሽልኝ! ዞሩ! ልጁም አዋቂውም ዞረ፣ ስልኩ ሁሉ ወደዚህ ነው! ፖስተሩ ስር ማን ቀረ? ብቻውን! ፈገግታው ግን እንደተሰቀለ ነው፣ ማውረድ ረስቶ። ልጆቹ ምንድን ነው የሚሉት? "ክፈቱለት! ክፈቱለት!" ውይ ውይ ውይ፣ እናቶቹም ጨመሩ! የጣቢያው ኃላፊ ራሳቸው እያጨበጨቡ ነው። ኃላፊው ካጨበጨቡማ አንዳንድ ሰው ቁልፍ መፈለግ ይጀምራል… ይኸው፣ ኪሱን እየዳበሰ መጣ። ከፈተው! አውጥቶ ይዞልኝ መጣ! እንዴት ያለ ቸር ሰው ነው እናንተ፣ ሁለት መቶ ሰው ሳይለምነው የማይሰጥ! አጨብጭቡለት እንጂ፣ መስጠት ያምርበታል።

ና የኔ ወፍራም። ና ልጄ። ውስጡ ላልቷል፣ እዪው፣ የሰው እጅ አስፍቶታል… ምንም አይደል፣ እናጠብቀዋለን። ግቢ እጄ። አዎ፣ ትንሿ ጣቴም ቤቷ ገባች። "ነይ አንቺ ልጅ፣ ጠጋ በይ። ኧረ አላመመኝም! ሰው ቤት ከርሜ ነው… ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ ደረጃው ስር ነኝ፣ ድመቷን ግን እንዳታመጪብኝ!" አየሽ ስትስቅ? አየሽ ጥርሷን? እኔ ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ፣ ሞቼም አልቆጭም!

ታክሲው መጣ አልሽ? ይጠብቃ፣ ፎቶ እየተነሳን ነው። አንዳንድ ሰው ይኸው ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ "እትዬ" ብሎኛል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ። ጠጋ በል ልጄ፣ ዛሬ ፎቶው ለሁላችንም ይበቃል። እኔ መቼም ቂም አላውቅም፣ የተሰማኝን ሁሉ ሰምተሻል፣ አንዲት ክፉ ቃል ከአፌ ወጣች? እንዲያውም ሳልመርቅ አልሄድም። አንቺም አሜን በይ፣ ጮክ ብለሽ።

ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሥራው ይባረክለት፣ ስሙ ይግነንለት። ጉልበቱ አይድከም፣ እጁ አይዛል። እርጅናም ሲመጣ እግዚአብሔር ብቻውን አይተወው፤ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ትራሱን የሚካፈለው፣ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያለ የሚያጫውተው ጎበዝ ተማሪ ይላክለት… እሱ ለእኔ እንደሆነልኝ፣ አንድም ሳያጓድል የሚሆንለት። ምነው አፍሽን በእጅሽ ያዝሽ፣ አሜን በይ እንጂ!