የአንድ ቤት ሁለት ልብ

በደርግ ጊዜ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ይፋግ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ሸምገል ያሉ፣ ከሐኪም ቤት የሚመለሱ።

«እርስዎ፣ ሐኪሙን ምን ብለውት ነው ዛሬ ልቤን በመሣሪያ ያየልኝ?»

«እውነቱን ነዋ። የእኔ ልብ ምቱን ሲስት በዚያው ቀን በመሣሪያ አይቶ ኪኒን ሰጠኝ። አንቺን ግን ልቤ ይሮጣል ባልሽው ቁጥር ‹ልጅዎ ዘምቶ ነው፤ ሐሳብ ነው› እያለ ሁለት ዓመት መለሰሽ።»

«እኔም ሐሳብ መስሎኝ ነበር።»

«‹እኔስ አባቱ አይደለሁም? የእኔን ልብ ስታይ ስለ ልጄ መች ጠየቅኸኝ?› አልሁት።»

«ምን አለ?»

«አቀረቀረና ‹ይግቡ በሏቸው› አለ።»

«‹ልብዎ በእውነት ታሟል፣ ሐሳብ ብቻ አይደለም› አለኝ። ከእርስዎ ኪኒን ግማሽ ግማሹን ሲሰጡኝ እንደ ነበረም ነገርሁት።»

«ምነው ባትነግሪው።»

«ተቆጣ። ‹ለእሳቸው የታዘዘው ለእርስዎ ልብ አይሆንም፤ ሊገድልዎ ይችል ነበር› አለኝ።»



«ደረትሽን ይዘሽ ስትቀመጪ እያየሁ ብቻዬን መዋጥ አልሆንልኝ ብሎ ነው።»

«አውቃለሁ። እንግዲህ የየራሳችንን እንዋጥ።»

«ልጁንስ?»

«እሱን አብረን እናስበዋለን።»

ወረታ ስንደርስ መውረድ ነበረብኝ፤ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ።