ሾተላይና አንድ ካርድ

ክቡራትና ክቡራን፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ልናገር ነው። ስለ መሸኛ ድግሱም ስላለበሳችሁኝ ጋቢም አመሰግናለሁ። ከሰማችሁኝ በኋላ «ጋቢውን መልሺ» ብትሉኝ አይከፋኝም።

ኃላፊያችን አቶ ባየ ዘወትር «የሺእመቤት ባለችበት ካርድ ጠፍቶ አያውቅም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አልጠፋም። አንዱን ግን እያወቅኩ ወደ መደርደሪያው መልሼዋለሁ።

በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በዚህች ጤና ጣቢያ ካርድ ካላወጣሁ በሽተኛ አይጠራም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ፈንታነሽ ከጉንደ ወይን መጣች፤ ነፍሰ ጡር ናት። የበኩር ልጇ ቆሞላት፣ ተከታዮቹ ሁለቱ ሞተውባታል።

«እትዬ፣ ደምሽን ተመርመሪ ብለውኝ ነው።»

«ሾተላይ በምርመራ ይለቃል እንዴ? ይልቅ ደብረ ወርቅ ሂጂና ክታብ አስጽፊ።»

«እርስዎ ካሉማ» ብላ ሄደች፤ ያወጣሁትን ካርዷን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

ለምን እንዲያ አልኳት? እኔም ሦስት ቀብሬያለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሾተላይ የሚባል ጋኔን እንደተጠናወተኝ አምኖ ሞተ። እኔም አምኜ ነበር። ለእኔ ያልሠራውን ክታብ ነው ለእሷ ያዘዝኩላት።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በድሮው ክታብ ሕፃናትን የምትገድለው ወርዝልያ የምትባል ሴት ናት። እናቶቻችን ሾተላይ ሲሉ ዓይን የማያየው ጋኔን ማለታቸው ነበር። አዋላጃችን ሲሃም «ሾተላይ» ስትል ግን የእናትና የፅንስ ደም አልተስማማም ማለቷ ነው።

በቀደም ሁላችሁም ባላችሁበት «ሲሃሜ፣ ስሙን ስትጠሪ አትፈሪም?» አልኳት።

«እኔስ የምፈራው መድኃኒት ያለቀ ዕለት ነው፣ እትዬ!»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ እጄ ግን አማተበ።

ጋኔኑ ከስሙ ወጥቶ ሄዷል። ታዲያ እኔ ማንን ልክሰስ? ለሞተ ልጅ ካርድ አይወጣም።

ፈንታነሽ ዛሬም ገበያ ስታገኘኝ ጉልበቴን ትስማለች። «እርስዎማ መክረውኝ ነበር፤ የኔ ዕድል ሆኖ ነው» ትላለች። ሦስት ጊዜ ልነግራት ሄጄ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ዘንድሮ ደግሞ አርግዛለች፤ አዲስ ክታብም አንገቷ ላይ አይቻለሁ።

ሲሃምን ጠየቅኳት። «ሆስፒታል ክትትል ያስፈልጋታል፤ ቶሎ ትምጣ» አለችኝ። «ልጁ ይተርፋል?» ስላት «ቶሎ ትምጣ» ብላ ደገመችልኝ።

ፈጣሪ እጃችሁን ይባርክ። የምታዋልዱት ሁሉ እያለቀሰ ይወለድ። ማንንም ካርድ ሳታወጡ አትመልሱ።

ይህን የማነብላችሁን ወረቀት ነገ ሲሃም ጉንደ ወይን ይዛው ትሄዳለች። አንድም ቃል ሳትዘልል ታነብላታለች፤ የጻፍኩት ማንበብ ለማትችለው ለፈንታነሽ ነው።