ማሩን አልንህ እንዴ?

ባለፈው እዚህ ውጭ አገር፣ ካስልሪጅ በሚባለው ሰፈራችን ሜዳ ላይ፣ የማሰለጥነው የሴት ልጆች የኳስ ቡድን አንዱን አዲስ ቡድን ጎል በጎል አደረገው። አንጀቴ አልችል አለኝና ልጆቼን፣ «በቃ፣ ሹት አታድርጉ፤ ዝም ብላችሁ ፓስ ተቀባበሉ» አልኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኛል። የዚያኛው ቡድን አሰልጣኝ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ኤርትራዊ አዛውንት፣ በመስመሩ ዳር ወደ እኔ መጡ።

«ማሩን አልንህ እንዴ ልጄ? ኳሱን ይዛችሁ መጫወቻ አደረጋችኋቸው እኮ። እንደ ሰው ቆጥራችሁ ግጠሟቸው!»

«ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ልጆቼን የምራችሁን ተጫወቱ አልኳቸው። ሌላም ጎል አገባንባቸው። ሊያልቅ ሲል ግን ከእሳቸው ቡድን አንዲት ቀጭን ልጅ ተከላካዮቻችንን አልፋ አገባች። ጨዋታው እንዳበቃ ጋሼ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«አየህ፣ ይቺ ጎል የኛ ናት። አውቃችሁ ብትለቁላት ኖሮ ግን የናንተ ትሆን ነበር።»