የጥለቱ ቀለም

ከዳባት ተመልሼ ደባርቅ መናኸሪያ ስወርድ አያ ሸጋውን ከባለቤታቸው ከእትዬ ውቢት ጋር አገኘኋቸው። ልጃቸው በለጠች ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነውና ሳቅ ጠብቄ ነበር። ሽማግሌው ግን ፌስታል ጨብጠው ፊታቸውን አጥቁረዋል።

«ወዴት ነው፣ አያ ሸጋው?»

«ሳንቃ በር! ይህን የሙሽራ ቀሚስ ለደርቤ ልመልስለት። ሰርጉ ቀርቷል።»

እጮኛዋ ደርቤ ሳንቃ በር ያለ የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት ነው፤ ባዮሎጂ ያስተማርሁት ጨዋ ልጅ። ደነገጥሁ።

«ምን አጠፋ?»

«ጥለቱ ቀይ ይሁን ብንለው አረንጓዴ አምጥቶ ቀይ ነው ብሎ ሞገተን። ናቅኸን ወይ ስለው፣ ከልጅነቴ ሁለቱ አይለዩልኝም አለ። እንዲህ ያለ ዓይን በዘራችን የለም! ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባ። የልጅ ልጆቼን አላበላሽም።»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አፌን መያዝ አልችልም።

«አባቴ፣ ይህ ኤክስ በሚባል ክሮሞዞም ላይ የሚወረስ ነገር ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢያጎድል ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚሰጠው እናቱ ናት። ስለዚህ ደርቤ ለወንድ ልጆቹ አያወርሰውም።»

«ዘር በአባት አጥንት አይደለም እንዴ?»

«ይህኛው ከአባት ወደ ሴት ልጁ ይሻገርና ተደብቆ ቆይቶ በእሷ ወንድ ልጅ ላይ ብቅ ይላል። ለመሆኑ አረንጓዴ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ውቢት ነገረችኝ።»

«ለእርስዎስ ምን ይመስላል?»

ፌስታሉን ገልጠው ጥለቱን ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ እንደገናም አዩት።

«ቀይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እትዬ ውቢት በሳቅ ፈነዱ። «ለስፌቴ ቀይ አለላ አቀብሉኝ ስላቸው አረንጓዴውን የሚሰጡኝ ለተንኮል መስሎኝ!»

«እኔ ደግሞ» አሉ አያ ሸጋው፣ «ሴቶች ላንድ ቀለም ሁለት ስም የምታወጡለት ይመስለኝ ነበር።»

እኔም ሳቄን መግታት አቃተኝ። «እንግዲህ በለጠች ከእርስዎ ወስዳለች፤ ራሷ ግን ደህና ታያለች። በወንድ ልጆቿ ላይ ከመጣ በእርስዎ በኩል ነው። በሴቶቹ ላይ የሚታየው ደግሞ ከእርስዎም ከደርቤም ከወሰዱ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊሆኑ ነው?» አሉ ፈራ እያሉ።

«እርስዎ ምን ሆኑ? አርሰው፣ ልጅ አሳድገው ለወግ አበቁ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ዓይናቸው ይመርመር፤ መምህሩም ይወቅ፤ ቀለም ቢስቱ ሰነፍ አይበላቸው። ስንጋባም የእናት ወገን ጤና ይጠየቅ። በዚሁ መንገድ የሚወረስ፣ ደም አልቆም የሚል ብርቱ በሽታም አለ፤ አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ልጁን በጊዜ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፤ እናቲቱንም አያማም።»

አያ ሸጋው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ደርቤ፣ ልጄ፣ ሰርጉ እንዳለ ነው፤ ክፉ ተናግሬሃለሁና ይቅር በለኝ። ልጅ ስትወልዱ ግን ቀለም የምታስተምረው በለጠች ትሁን፤ እኔና አንተ አንድም ቃል እንዳንተነፍስ!»

እትዬ ውቢት መናኸሪያው መሐል እልልታውን ለቀቁት።