ከነሥሩ የተነቀለው ቄጤማ

ክብርት ወይዘሮ ስርጉት የማዕከላችን ኃላፊ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

በጡረታ ልትሸኙኝ ሥራ አቁማችሁ፣ አዳራሹን አሳምራችሁ፣ ይህን የመሰለ ጃኬት ስላለበሳችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለአሶሳ ሙቀት ትንሽ ይወፍራል፤ ቢሆንም አላወልቀውም። ንግግሬን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ግን አላነበውም። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ልቤ አልረጋ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

በሰፈራ ከወሎ ስመጣ ጎረምሳ ነበርኩ። እዚህ የከብት እርባታ ማዕከል የተቀጠርኩት ላም ለማጠብ ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሰው ሠራሹን ረግረግ ስንሠራ ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ ምን ሥራ ሰጡህ?» አለችኝ። «የላም ሽንት ማጥራት» አልኳት። «እንግዲያው ልብስህን እዚያው እያጠብክ ና» አለች።

ሥራው ቀላል ይመስላል። የጋጣው እጣቢ መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ይዘቅጣል። ከዚያ በጠጠሩና በቄጤማው ሥር ቀስ እያለ ያልፍና፣ ቆሻሻውን እዚያ ጥሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ለምን ሠራነው? አዲሶቹ አታውቁም። ከታችኛው መንደር ሰዕዲያ የምትባል እናት ጀሪካን ተሸክማ መጥታ እፊቴ አስቀመጠችው። «እናንተ ላም ታጥባለህ፣ እኛ ልጅ ይታመማል። ወላሂ፣ ይሄን ውሃ መጀመሪያ አንተ ጠጣ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። ልጇን ሦስት ቀን አስቀምጦት ነበር። ላሞቹን የማጥበው ደግሞ እኔ ነኝ። ረግረጉን የሠራነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚህ በር ስገባ ወለሉን አየሁት። «ይህ ሁሉ ቄጤማ ከየት መጣ?» ብዬ የአካባቢውን ልጅ አልአሚንን በጆሮው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ለአንተ ክብር ነው። ገበያ ላይ ጠፋ። ከረግረጉ ነቀልን፣ ከነሥሩ። ሲታጨድ ያጥራል» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ዝም አይነቅዝም ብዬ ልቀመጥ ነበር። በሽኝቱ ቀን የሚቆጣ ማን አለ? ግን ቄጤማው ሲነቀል ከሥሩ የተኛው ዝቃጭ ተነሥቷል። እኛ እዚህ ስናጨበጭብ ያ ውሃ ወደ ታች እየወረደ ነው። ሴቶቹ የከሰዓቱን ውሃ የሚቀዱበት ጊዜም ደርሷል። ፈርቻለሁ፣ ወገኖቼ።

ጥፋቱ የአልአሚን አይደለም፤ የእኔ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የረግረጉን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ «አትንኩ» ስል ኖርኩ። ለምን እንደማይነካ ለአንዳችሁም አላስረዳሁም። ወተት የምታልበው ሀዊ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ ሣር ግን ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሥራሽን ሥሪ» ነበር መልሴ። ይቅር በይኝ፣ ሀዊ። ብቻዬን ካወቅሁት ተፈላጊ ሆኜ የምኖር መስሎኝ ነው። ቁልፉን ያስረከብኩት ትናንት፤ ይኸው ዛሬ የሆነውን አያችሁ።

ሰኞ እኔ የለሁም። ክረምቱም እየመጣ ነው። ማን ያየዋል? ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ወይዘሮ ስርጉት፣ ይቅርታዎን፣ ምሳው ትንሽ ይቆይልን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? አልአሚን፣ ሞተሩን አስነሣና ታችኛው መንደር ውረድ፤ ዛሬ ከወንዙ እንዳይቀዱ በቋንቋችሁ ንገራቸው። ሀዊ፣ አንቺ ከእኔ ጋር ነይ። ውሃው ወደ ወንዙ የሚወጣበትን መዝጊያ አሳይሻለሁ፤ የምትዘጊው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ አልነካውም። የቀራችሁት ሥሩ ያልደረቀውን እየለቀማችሁ ተከተሉን። መልሰን እንተክለዋለን፤ ስንተክልም የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ከሰዓት ይበቃል።

እስከዚያው ልመርቃችሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ከብቱ ይርባላችሁ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ሥራችሁ ከእናንተ በኋላም የሚያውቀው ሰው አይጣ።

የማዕከሉን ቤት ለቅቄ ታችኛው መንደር ጎጆ ቀልሻለሁ፤ ከሰዕዲያ ጋር የምንለያየው በአጥር ነው። ከሰኞ ጀምሮ እኔም የምቀዳው እናንተ ከምትለቁት ውሃ ነው። አደራ።