ኦይታ የጠየቀኝ ጥያቄ

ክቡር ዲን፣ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ፣ ከሆስፒታሉ የመጣችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ተማሪዎቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ በሥራ ቀን ሥራችሁን ትታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ምሳውን ያዘጋጃችሁ፣ ወንበር ስታመላልሱ የዋላችሁ፣ ይህን የዶርዜ ጋቢ ያለበሳችሁኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመሆኑ በአርባ ምንጭ የመጋቢት ሙቀት የስድሳ ዓመት ሴት ጋቢ ማልበስ ሽልማት ነው ወይስ ቅጣት? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እዚህ የመጣሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር አንድ ሻንጣ ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ስለው ወደ ውስጥ ዞሮ ወጌሻዋ መጣች ብሎ ተጣራ። የልብና የሳንባ ሕመምተኛም የእኛ ነው ስል ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬ እናንተ ደረቱን ሳታዳምጡት፣ አስቀምጣችሁ ሳታስተነፍሱት ከዚያ ዋርድ የሚወጣ ሰው የለም። ይህ የእናንተ ድካም ነው። እኔማ ዋርድ ለዋርድ እየዞርኩ «ተንፍሱ» ስል ነው የኖርኩት። እትዬ ተንፍሱ ብላችሁ እንደምትጠሩኝ የማላውቅ ከመሰላችሁ፣ አውቃለሁ።

አሁን ቅድም የክፍላችን ኃላፊ ወንደሰን ስለ እኔ ብዙ መልካም ነገር ተናገረ። ከሁሉ በላይ ያመሰገነኝ በትራሷ ጥያቄ ነው። ከሌላ ቦታ ለመጣችሁ እንግዶች ላስረዳ። ተማሪዎቻችን የማንንም ሕመምተኛ አልጋ ከመንካታቸው በፊት «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ብለው ይጠይቃሉ። ሦስትና አራት ትራስ ደርድሮ፣ ቀና ብሎ ካልሆነ መተንፈስ የማይችል ሰው ልቡ የደከመ ሊሆን ይችላልና ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ማስተኛት አይፈቀድም። ወንደሰን ይህን «የመምህርት ወለቴ ጥያቄ» ብሎ በመመሪያችን ላይ አሳትሞታል።

ወንደሰን ልጄ፣ አንተ ከአምስት ዓመት በፊት ነው የመጣኸው፤ ስለማታውቀው ነገር አልወቅስህም። ያ ጥያቄ ግን ከእኔ ዕውቀት አልመጣም። ከመጣበት ቦታ ሰው ሞቷል። ሌላ ንግግር ጽፌ ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሱን አላነብም።

በ2003 ዓ.ም. ሦስተኛ ዓመት ላይ አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሩኝ። አንዱ ኦይታ ዳልጮ ይባላል፣ የካምባ ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤቱ የሚነገረው ጋሞኛ ነው። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል። እኔን አንቺ ይለኛል፤ ጓደኞቹ በእሱ ፈንታ ይሳቀቁ ነበር። እጁ ግን ሌላ ነበር። መዳፉን ደረት ላይ አድርጎ አክታው የት እንዳለ ይነግራችኋል፤ በማዳመጫ ስናረጋግጥ እዚያው ነው። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ስለ አማርኛው ግን በየቀኑ እነግረው ነበር።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አክታን ከሳንባ እንዴት እንደሚያወጡ አስተምራለሁ። እንግሊዝኛው እንዳይከብዳቸው ብዬ ሕመምተኛው በሚናገርበት ቋንቋ ነበር የማስረዳው። ሕመምተኛ ደግሞ ምን ይላል? «ደረቴ ውሃ ይዟል» ነው የሚለው። እኔም አክታ ማለት ትቼ ውሃ እላለሁ። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው ጀሪካን አምጥቼ ዘቀዘቅሁት፣ ውሃው ባልዲ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። «ሳንባ ውሃ ሲይዝ እንዲህ ነው፤ የአልጋውን እግር በብሎኬት ከፍ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ጀርባውን መታ መታ» አልኳቸው። ሳቁ። በጀሪካኔ በጣም እኮራ ነበር።

ኦይታ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ውሃዋ ሁሉ አንድ ናት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩ ልንገራችሁ። «ውሃ ናት አይባልም፣ ነው ነው የሚባለው» አልኩት። አሁንም ሳቁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ «ነው» ብሎ ይሆናል። እኔ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ።

የጠየቀው ግን ምን ነበር? አክታ አለ። በሳንባና በሽፋኑ መካከል የሚጠራቀም ፈሳሽ አለ። ልብ ሲደክም ሳንባው ውስጥ የሚያዥ ውሃ አለ። ሕዝቡ ሦስቱንም ውሃ ይላቸዋል። ተዘቅዝቆ የሚወጣው አንዱ ብቻ ነው፤ በልብ የመጣው ሲዘቀዘቅ ሰውየውን ያሰምጠዋል። እሱ ሁሉም አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከተማሪ የሰማሁት ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር፣ እኔ ሰዋስው አረምኩበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ዙሁራ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋርድ ውስጥ ተኝታ ነበር። በልጅነቷ ቶንሲል ሲመላለስባት የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ ጠቧል። ኦይታ ተረኛዋን ነርስ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቃት፤ ሳንባዋ ውሃ ይዟል ብላ መለሰችለት። እውነቷን ነው። እሱም የተማረውን አደረገ። ከአልጋው እግር ሥር ብሎኬት አስገባ።

እኔ አጠገቡ መሆን ነበረብኝ። በበሩ ሳልፍ ከርቀት የተዘቀዘቀ አልጋ አየሁ፣ ማን እንደተኛበት አላየሁም። «ጎበዝ ኦይታ» ብዬው የፈተና ወረቀት ልፈርም ወደ ቢሮ ሄድኩ። ለዚያ ልጅ የተናገርኩት ብቸኛ ምስጋና ያ ነው።

ልጅቷ ልነሳ ብላ ታገለች። እናቷ ወይዘሮ ሁስና «አልቻለችም፣ ትነሳ» ብለው ለመኑት። እሱ «ትንሽ ይታገሱ፣ ውሃው ይወጣል» አላቸው። እናትም ሐኪም ነው ብለው አመኑት፤ እንዳትወድቅ ትከሻዋን ያዙ። ተጠርቼ ስደርስ አፏ አረፋ ደፍቋል። ቀና አደረግናት፣ ኦክስጅን አመጣን። አልደረሰላትም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ማን እንዲህ አድርግ ብሎ እንዳስተማረው ጠየቁት። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። «መምህርት አስተምራለች» አለ። «እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

ገብቶት ነበር። ያስተማርኩትን አንድም ሳያጎድል ነው የሠራው። ውሳኔው ግን «በቋንቋ ችግር ምክንያት የተሰጠውን ትምህርት ባለመረዳቱ» ብሎ አባረረው። ሥሩ ላይ ከተፈረሙት ስሞች አንዱ የእኔ ነው። ልጅቷ ለማንኛውም አትተርፍም ነበር ያለኝ ሐኪም አለ፤ ያንን ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ኪኒን ስውጠው ኖርኩ። ከዚያ ሞት በኋላ ነው እናንተን በትራስ ያሰለቸኋችሁ፣ ውሃ የሚል ተማሪ ሲገጥመኝ ከክፍል የማስወጣው። ጥብቅ ናት እያላችሁ አከበራችሁኝ። ጥብቅ አልነበርኩም፤ ፈርቼ ነበር።

ባለፈው ጥር ካምባ ሄጄ አገኘሁት። ወፍጮ ቤት ይሠራል፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል፣ ያስላል። ሳሉን ስሰማ እጄ ወደ ጀርባው ሊሄድ ፈልጎ ነበር፣ አልደፈርኩም። ልጆቹን ጠርቶ መምህሬ ናት ብሎ አስተዋወቀኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ይቅርታ ለመንኩት። ወፍጮውን አጥፍቶ ጨርሶ ሰማኝ።

«እኔማ አውቃለሁ» አለኝ። «ለእናቷ ነገርሻት?»

አልነገርኳቸውም። ወይዘሮ ሁስና እዚሁ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ስኳርና ዘይት የምገዛው ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን፣ ዙሁራ በሞተች በዓመቱ ይመስለኛል፣ ስኳሩን እየመዘኑ «እኔ እኮ ነኝ የያዝኳት፤ ልነሳ ስትል በዚህ እጄ ያዝኳት» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? የአላህ ፈቃድ ነው አልኩ፣ ስኳሬን ተቀብዬ ወጣሁ። አያችሁ፣ ኦይታን ሥራውን ብቻ ነው የቀማሁት። እኚያን እናት ልጃቸውን በገዛ እጃቸው የገደሉ መስሏቸው እንዲኖሩ ፈቅጄባቸዋለሁ።

ክቡር ዲን፣ ዛሬ ጠዋት ለእርስዎ ቢሮና ለሬጅስትራር ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የፈረምኩት ውሳኔ ሐሰት መሆኑን፣ የኦይታ ዳልጮ ስም እንዲጠራና ከፈለገ ትምህርቱን እንዲጨርስ፣ እኔም ልጠየቅበት የሚገባ ነገር ካለ እንድጠየቅ ይላል። በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር መስማት እንደሚያስቀይምዎት ይገባኛል። መመሪያው ላይ ያለውንም ስም ወንደሰን እንዲያነሳልኝ እለምናለሁ።

ተማሪዎቼ፣ በተሰባበረ ቋንቋ የሚጠይቃችሁን ሰው የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ። እጃችሁ የነካው ደረት ሁሉ ቀሎት ይደር። ባልደረቦቼ፣ የተሳሳታችሁ ዕለት የምትናገሩበት ድፍረት ያኔውኑ ይስጣችሁ፤ እንደ እኔ ጡረታ አትጠብቁ። ከእኔ የተሻለ ዕድሜ፣ ከእኔ የቀለለ እንቅልፍ ይስጣችሁ።

ምሳው እንዳይቀዘቅዝ እናንተ ተመገቡ፣ እኔን አትጠብቁኝ። ወይዘሮ ሁስና ከሰዓት ለአስር ሰላት ሱቃቸውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ በፊት ሲቀላ መድረስ አለብኝ። እጃቸው ምንም እንዳላጠፋ ልነግራቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ።