የልጄ ቀጠሮ

ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉት ሁለት እናቶች ገና ሳንንቀሳቀስ ወሬ ጀመሩ።

“ሐኪም ቤት ነው የምወርደው ስትዪ ሰማሁሽ። ምን ነካሽ እህቴ?”

“እኔስ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የልጄ ቀጠሮ ነው።”

“ልጅሽ የታለች?”

“ቤት ናት። ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከሰው አትቀላቀልም። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ጭንቀት ያለበትን ሰው በነፃ የምታነጋግር ባለሙያ አለች አሉኝና ቀጠሮ ያዝኩላት። አልሄድም አለች።”

“ከዚያስ?”

“ቀጠሮው ከሚቃጠል ብዬ እኔ ሄድኩ።”

“ባለሙያዋ ምን አለችሽ?”

“ምንም አትልም፣ ትሰማለች። እኔ አወራለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ቀሎኝ እመለሳለሁ። ወላሂ፣ ጠፍቶ የከረመው እንቅልፌ ተመለሰ።”

“ለልጅሽስ ምን ጠቀማት?”

“እሷማ ያው ናት። ባለፈው ግን ‘እማ፣ እዚያ ምን እያወራሽ ነው?’ አለችኝ።”

“ምን አልሻት?”

“ሚስጥር ነው አልኳት። እዚያ የተወራ ለማንም አይነገርም፣ ሕጉ ነው” አለች፣ መኪናው ሙሉ እየሰማት።

“አልተቆጣችም?”

“ተቆጣች እንጂ። ‘ስለ እኔ ምን እንደምትዪ ማን ያውቃል፣ ራሴው ሄጄ እነግራታለሁ’ አለች።”

“እሰይ። ታዲያ ዛሬ ለምን አልመጣችም?”

“ዛሬማ የእኔ ነው። ለእሷ ሌላ ቀን እጠይቅላታለሁ።”

ሐኪም ቤቱ ጋ ስትወርድ፣ እንቅልፍ ካጣሁ የሰነበትኩት እኔም በየትኛው በር እንደምትገባ በመስኮቱ አየሁ።